ቤት በደላላ ስንሸጥና ስንገዛ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከጽሕፈት ቤቱ የቀረበ ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት በሰሌዳ የተለጠፈ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤት መሸጥና መግዛት፣ በተለይም በመካከል ስለሚገባው ስለ ደላላ ነው። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሩዙንና ሽንኩርቱን ሸጦ ከተማ ቤት ልግዛ የሚል ከገጠር ይመጣል። ልጆቹ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የገቡለት ደግሞ ሸጬ ልሂድ ይላል። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ የሚያስተዋውቃቸው ደላላ ነው። ስለዚህ ደላላን አንጠላም፤ እሱም የልጆቹን እንጀራ የሚፈልግ የሠፈር ሰው ነው። ነገር ግን ሥራው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ካላወቅን፣ የዕድሜ ልክ ጥሪታችን በአንድ ቀን ይሄዳል።

የደላላ ሥራ ማገናኘት ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግም ደላላ ይለው የነበረው ለጥቅሙ ብሎ ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኘውን ሰው ነበር። ቤቱ የማን እንደሆነ ማጣራት፣ ዕዳ እንዳለበት መጠየቅ፣ ውሉን አንብቦ መፈረም የኛ የራሳችን ነው። «እኔ እያለሁ ምን ትሠጋላችሁ» ቢለን ቃሉ ካርታ አይሆንም።

ገበያ ወጥተን ላም ስንገዛ ጥርሷን ገልጠን እናያለን፣ ጡቷን እንዳስሳለን፤ ደላላው ስላወደሳት ብቻ ብር አናወጣም። ገዝተን ደግሞ በገመድ ስበን እንገባለን። ቤት በገመድ አይሳብም። ቤት የሚያዘው በወረቀት ነውና ወረቀቱን እንደ ላሟ ጥርስ ገልጠን እንየው።

አንደኛ፣ የሚሸጠው ምን እንደሆነ እንወቅ። ከ1967 ዓ.ም. አዋጆች ጀምሮ መሬት የግል መሆኑ ቀርቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። እኛ የምንሸጠው በላዩ የሠራነውን ቤት ነው። ከከተማው ዳር የእርሻ ማሳ በገመድ ለክቶ «ይህን ያህል ካሬ ውሰድ፣ ካርታው በኋላ ይመጣል» የሚል ደላላ ቢመጣ የሚሸጥልን ነገር የለውም። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ቤት ሠርቶ የፈረሰበት ሰው ገንዘቡን ከማን ይጠይቃል? በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ የተላለፈለት ሰው በሊዝ እንዲይዘው ደንግጓል። ስለዚህ ከዋጋው ሌላ በየዓመቱ የምንከፍለው እንዳለና ስንት እንደሆነ አስቀድመን ማዘጋጃ ቤት እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ሻጩ ማን ነው? ካርታው ላይ ያለው ስምና መታወቂያው አንድ መሆኑን እንይ። የጋራ የሆነ ቤት ባልና ሚስት ሁለቱም ካልተስማሙ እንዳይሸጥ የቤተሰብ ሕጉ ይከለክላል። ባል ብቻ ፈርሞ ሚስት ስትሰማ «ቤቴን» ብላ ብትከስ እውነት አላት። የውርስ ቤት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው ከፍርድ ቤት የወጣ፣ ወራሾቹም ሁሉ የተስማሙ ይሁኑ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ውክልናው ቤት መሸጥን ለይቶ የሚጠቅስ መሆን አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያበቃም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ወክሎኛል ለሚለን ሁሉ ይህ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ቤቱን ራሳችን እንይ፣ ጎረቤት እንጠይቅ። ደላላ ቤት የሚያሳየው በበጋ፣ በቀትር ነው። ወደ ወረታ በኩል ወደ ፎገራ ሜዳ፣ የጉማራና የርብ ወንዝ ሲሞላ የሚያደርገውን የምታውቁት ናችሁ። ነሐሴ ላይ ውኃ የት ድረስ እንደሚቆም የሚነግረን ደላላው ሳይሆን አጥር የሚዋሰነው ሰው ነው። ወሰኑንም የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፋይሉን እናስይ፤ በባንክ ዋስትና የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ እንዳይሆን፣ ግብሩም የተከፈለ መሆኑን እናረጋግጥ።

አራተኛ፣ ቀብድ። «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬውኑ ቀብድ ጣል» ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ሕጉን እንወቅ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። እንግዲህ ሳያጣራ ቀብድ የሚሰጥ ገዢም፣ ሚስቱን ሳይጠይቅ ቀብድ የሚቀበል ሻጭም አንገቱን ለገመድ ሰጠ ማለት ነው። ቀብድ ለሻጩ በእጁ ወይም በባንክ ይሰጥ፤ በደላላ እጅ አይተላለፍ።

አምስተኛ፣ ውል። ሕጉ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ሹም ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ ይህ አንቀጽ 1723 ነው። በመንደር ውል ብቻ ገዝተው፣ ክርክራቸው እስከ ሰበር ችሎት የደረሰ ሰዎች በአገራችን ብዙ ናቸው። ውል ተፈርሞም አላለቀም፤ ስሙ በመዝገብ እስኪዛወር ቤቱ በገዢው ስም አይደለም። ስለዚህ ከዋጋው ጥቂቱ ስም እስኪዛወር ይቆይ ብሎ መዋዋል ነውር የለበትም። ደግሞ ግብር እንዲቀንስ «ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ ጻፉ» የሚል ምክር አንስማ። በሕግ ያስጠይቃል፤ ነገ ውሉ ቢፈርስ ደግሞ ገዢው ይመለስልኝ ብሎ የሚያሳየው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው።

ስድስተኛ፣ የደላላው ድርሻ። በብዙ ቦታ በልማድ የሚጠየቀው ከመቶ ሁለት ነው። ቤቱ 1,200,000 ብር ከተሸጠ 24,000 ብር ማለት ነው። ከሁለቱም ወገን የሚቀበልም አለና ስንት፣ ከማን፣ መቼ የሚለውን አስቀድመን በጽሑፍ እናድርገው። ክፍያውም ውሉ በሕግ ፊት ከተፈረመ በኋላ ይሁን። ከሁሉ የሚከፋው ለሻጭ አንድ ሚሊዮን፣ ለገዢ አንድ ሚሊዮን ከመቶ ሺህ ብሎ ልዩነቱን ኪሱ የሚያስገባው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዋጋውን ከአንደበታቸው ይነጋገሩ። ይህን የሚከለክል ደላላ ካለ ምክንያቱን አውቃችሁታል። ደህናው ደላላ ግን ራሱ ያገናኛችኋል።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለን። የቤት ውል ላይ ምስክር ሁኑ ተብላችሁ የምትጠሩት እናንተ የሠፈሩ ሰዎች ናችሁ። ማንበብ የማይችል ልጁን ወይም ጎረቤቱን ያስነብብ እንጂ፣ ያልተነበበለትን ወረቀት አይፈርም፤ ጣቱንም አያስቀምጥ። ገንዘብ ሲቆጠር ያላየ «ሲከፈል አይቻለሁ» አይበል። የባልቴት ቤት በችኮላ ሲሸጥ ብታዩ «ቆይ እማማ፣ ልጆችሽ ሰምተዋል ወይ?» ማለት በሰው ጉዳይ መግባት አይደለም፣ ጉርብትና ነው። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ብትመጡ አብረን አንብበን፣ አብረን ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን። ለዚህ ከአባል ክፍያ አንጠይቅም።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ሐሙሲት