ዝገት ከመኪና በታች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





 ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ጊዜ አጠቃቀም መልካም መልካም ነገር ተናግረዋል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ከሁሉ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚገኘው ከመኪና በታች ነውና። ርእሴ ዝገት ነው።

«ይህ የመካኒክ ጉዳይ እንጂ የተማሪ ጉዳይ አይደለም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የምንኖረው በአዳማ ነው። ከተማችን የተቀመጠችው አዲስ አበባን ከጅቡቲ በሚያገናኘው መንገድ ላይ ነው። ከአገራችን የውጭ ንግድ ዕቃ ከ90 በመቶ የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል የሚመላለስ ሲሆን፣ የሚበዛው በጭነት መኪና ተጭኖ በዚህ አቅጣጫ ያልፋል። ከመካከላችን አባቱ ሾፌር፣ አጎቱ ባለ ጋራዥ፣ ታላቅ ወንድሙ ረዳት የሆነ ብዙ ነው። መኪናም እንደ ቀድሞው በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የቤታችንን እንጀራ መጠበቅ ነው።

እንግዲህ ዝገት ምንድር ነው? ብረት፣ ውሃና ኦክሲጅን ሦስቱ ሲገናኙ የሚወለድ ነገር ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዝገት አይኖርም። ዝገቱ ከተበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ እያበጠ ይፈረፈራል፤ ሲፈረፈርም ከበታቹ ያለውን ጤነኛ ብረት ለውሃና ለአየር ያጋልጠዋል። በአሉሚኒየም ላይ የሚፈጠረው ዝገት እንደ ቆዳ ተጣብቆ ውስጡን ይጠብቃል፤ የብረት ዝገት ግን በር ከፋች እንጂ ጠባቂ አይደለም። በዚህም ምክንያት አንድ ጊዜ ከጀመረ በራሱ ጊዜ አይቆምም።

«አዳማ ሞቃትና ደረቅ አገር ናት፤ ዝገት ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በደረቅ አየር ብረት የሚዝገው በዝግታ ነው። ዳሩ ግን ጠላቱ ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል፤ እርሱም ጨው ነው። ዝገት በብረቱ ላይ በሚመላለስ እጅግ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ጅረት የሚከናወን ሥራ ነው፤ ጨው የገባበት ውሃም ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ሥራውን ያፋጥነዋል። ከዚህም በላይ ጨው እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ያህል ሲደርስ ደረቁ ጨው ራሱ ይቀልጣል። ስለዚህ ዝናብ ባይዘንብም እንኳ ሌሊቱ በቀዘቀዘ ቁጥር ዝገት ከመኪናው ሆድ ሥር ሥራውን ይቀጥላል።

ይህ ጨው በሦስት መንገድ ይደርስብናል። አንደኛው መንገድ ባሕር ነው፤ ጅቡቲ የሚያድር መኪና የባሕሩ ነፋስ የሚያመጣውን ጨው ለብሶ ይመለሳል። ሁለተኛው ራሱ ጭነቱ ነው፤ የአገራችን የምግብ ጨው በብዛት የሚመረተው በአፋር ክልል፣ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአፍዴራ ሐይቅ ዳር ሲሆን፣ ከጆንያው የሚንጠባጠበው ጨው በመኪናው ወለል ስንጥቅ ገብቶ በሻንሲው መጋጠሚያ ላይ ይከማቻል። ሦስተኛው ከአዳማ በስተ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከመተሐራ አጠገብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ ነው። ይህ ጨዋማ ሐይቅ በ1950ዎቹ ዓ.ም. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። አውራ ጎዳናውንና የባቡሩን ሐዲድ ስለ ተጋፋም መንገዱን ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ሆነ። በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የተነዳ መኪና ሳይታጠብ ከቆመ፣ ውሃው ሲደርቅ ጨው በሆዱ ላይ ይቀራል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካም በክረምት ወራት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ። ስለዚህ ከዚያ አገር ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የላዩን ቀለም አይቶ ብቻ ደስ አይበለው፤ ጎንበስ ብሎ የታቹን ይመልከት።

ዝገት የሚወዳቸው ስፍራዎች የታወቁ ናቸው። ጭቃ የሚጠራቀምበት የፓራፋንጎ ውስጥ፣ የባሌስትራው ንብርብር፣ የሻንሲው መጋጠሚያ፣ ከበሩ ሥር ያለው የላሜራ ኪስ እንዲሁም ቀጭኑ የፍሬን ቱቦ ናቸው። ማርሚታም ከውስጥ በኩል ይዝጋል፤ ነዳጅ ሲቃጠል ከጢሱ ጋር ውሃም ይወጣልና።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያስፈራው የፍሬኑ ቱቦ ነው። ማርሚታ ቢበሳ መኪናው ይጮኻል እንጂ ሰው አይገድልም። በዝገት የሳሳ የፍሬን ቱቦ ግን ቀላል ፍሬን ሲያዝ ችሎ ይቆይና፣ ሾፌሩ በቁልቁለት ላይ በሙሉ ኃይሉ የረገጠ ዕለት ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው ሲልቨር ብሪጅ የተባለው ድልድይ ተደርምሶ 46 ሰዎች ሞቱ። ሲመረመር ምክንያቱ ከአንድ የብረት ማያያዣ ውስጥ ዝገትና ውጥረት ተባብረው የፈጠሩት፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ስንጥቅ ሆኖ ተገኘ። ስንጥቁ በመጋጠሚያው ውስጥ ተደብቆ ስለ ነበር ዐይን አላየውም። የመኪናም ነገር እንዲሁ ነው፤ አደጋው ያለው በተደበቀው ስፍራ ነው።

ባለፈው ክረምት በአንድ ጋራዥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የጭነት መኪና ሆዱ ሁሉ በሬንጅ ተቀብቶ እንደ አዲስ ጫማ ያብረቀርቅ ነበር። መካኒኩ ካቻቢቴውን በሬንጁ ላይ ጫን ቢያደርገው እስከ እጀታው ዘልቆ ገባ። ከሬንጁ በስተ ኋላ ብረት አልነበረም፤ የቀረው ቅርፊት ብቻ ነበር። ዝገቱ ሳይፋቅ ስለ ተቀባ እርጥበቱና ጨው በውስጡ ታሽገው ቀርተዋል፤ ባለቤቱም ዳነ ብሎ ሳያየው ኖሯል። ስለዚህ ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ቢሆን ይህን ያዙ፤ በዝገት ላይ ቀለም መቀባት ዝገትን መደበቅ እንጂ ማዳን አይደለም።

ታዲያ ትክክለኛው አሠራር እንዴት ነው?

በመጀመሪያ ለራስ ሕይወት መጠንቀቅ ነው። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፉ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ የብረት ካቫሌቶ ይቀመጥለት። ከመኪና በታች የሚገባው ብዙውን ጊዜ ረዳቱ፣ ማለትም የእኛው ዕድሜ እኩያ እንደ ሆነ አስቡ።

ሁለተኛ፣ ሆዱን በንጹሕ ውሃ ደኅና አድርጎ ማጠብ፣ በተለይም በፓራፋንጎው ውስጥ የተጋገረውን ጭቃ ማውጣት፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ አቁሞ ፈጽሞ ማድረቅ ነው። በበሩ ሥር ያሉት ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ተደፍነው እንደ ሆነ ይከፈቱ።

ሦስተኛ፣ መመርመር ነው። ብረቱን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ሲመቱት ጤነኛው ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። ዝገቱ እንደ ዱቄት ከላይ ብቻ ከሆነ ለማዳን ቀላል ነው፤ ቅርፊት ሆኖ ጎድጉዶ ከሆነ ብዙ ድካም ይጠይቃል። በስቶ ከሆነ ግን ስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት ራስን ማታለል ነው፤ የተበላው ተቆርጦ በአዲስ ብረት ሊበየድ ይገባል። ይህም የባለሙያ ሥራ ነው፤ በተለይ ከነዳጅ ታንከሩ አጠገብ ያለ ጥንቃቄ የሚደረግ ብየዳ እሳት ያስነሣል። የዛገ የፍሬን ቱቦ ደግሞ አይፋቅም፤ ይለወጣል።

አራተኛ፣ ዝገቱን በመፋቂያ፣ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እያፋቁ ነጩ ብረት እስኪታይ ማጽዳት ነው። ዐይን በመነጽር፣ አፍንጫም በጭምብል ይሸፈን። በጉድጓዶቹ ውስጥ ለሚቀረው ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት መድኃኒት ይቀባል፤ ይህም ዝገቱን ወደ ጠንካራ የብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። ሲቀቡት በእጅ ጓንት ይሁን፤ የፍሬን ክፍሎችንም አይንካ።

አምስተኛ፣ የጸዳው ብረት ሳይውል ሳያድር አንቲረስት ይቀባ፤ ሲደርቅ ቀለም ሁለት ጊዜ ይደገምለት፤ በመጨረሻም ከድንጋይ ፍንጥቅጣቂ የሚከላከል የሬንጅ ወይም የሰም ልብስ ይልበስ። ሬንጅ መጥፎ ነገር አይደለም፤ መጥፎ የሚሆነው በዝገት ላይ ሲቀባ ነው። የፍሬን ዲስክ፣ ማርሚታ፣ ጎማ ነክ ክፍሎችና የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን አይቀቡ።

አንዳንድ ሰዎች የተቃጠለ ዘይት ከናፍጣ ጋር ቀላቅለው ከመኪናው በታች ይረጫሉ። ዘይት ውሃን ለጥቂት ጊዜ እንደሚከለክል አልክድም። ነገር ግን አቧራ ይሰበስባል፤ የጎማ ክፍሎችን ያሳብጣል፤ በፍሬን ላይ ቢያርፍ መያዣውን ያሳጣል፤ የተረፈው ደግሞ ወደ አፈርና ወደ ውሃ ይገባል። ይህን የመሰለ ጥበቃ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ወላጆችም «ይህ እኛን አይመለከትም» አይበሉ። የእነርሱም መኪና የታች አካል አብዛኛው ብረት ነው። እንዲያውም የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን የሚቀንሰው በብዛት በሞተሩ ስለ ሆነ፣ ፍሬኑ ሥራ ፈትቶ ዲስኩ ሊዝግ ይችላል። ሥራ የፈታ ብረት ይዝጋል የሚባለው እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ጊዜና ልማድ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም። ከጅቡቲ ወይም ከአፍዴራ የተመለሰ መኪና በተመለሰበት ዕለት ላቫጆ ገብቶ ከታቹ ይታጠብ። በግንቦት ወር፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሆዱ ተመርምሮ የተላጠው ይቀባ። በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ የክረምቱ ጭቃ ይውጣ። ለቦሎ የሚደረገውንም ዓመታዊ ምርመራ ወረቀት ለማግኘት ብቻ አንጠቀምበት፤ በዚያ ቀን መርማሪውን «የፍሬኑ ቱቦ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ዝገትን ከብልና ከሌባ ጋር አብሮ ቆጥሮታል። ሦስቱም የሚመሳሰሉት ባለቤቱ በማያይበት ስፍራ ስለሚሠሩ ነው። ሌባውን በቁልፍ፣ ብሉንም ልብስ በማናፈስ እንከላከላለን፤ ዝገትን የምንከላከለው ጎንበስ ብለን በማየት ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉትም ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በግቢው የቆመ መኪና ቢኖር ከአባታችሁ ወይም ከወንድማችሁ ጋር በባትሪ መብራት የታቹን ተመልከቱ። የኬሚስትሪ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፉልንን ነገር በዚያ ታገኙታላችሁ። እናንተም ወላጆቻችን፣ ልጃችሁ ስለ ፍሬን ቱቦ ቢጠይቃችሁ «ዝም በል፣ ትምህርትህን አጥና» አትበሉት፤ ትምህርቱን እያጠና ነውና። በዚያ መኪና ውስጥ የምንሳፈረው ሁላችንም ነን።