ፈቃድ ያለው መሣሪያና የሌሊት ኬላ

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር የእሑድ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)



ባለፈው ስብሰባ ማብቂያ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው የጠየቁት ጥያቄ ሳይመለስ መቅረቱ ይታወሳል። ልጃቸው መቂ አካባቢ ሽንኩርት ያለማል። የውኃ መሳቢያ ሞተሩን ስለሚጠብቅ በሕግ የተመዘገበ ሽጉጥ አለው። «ወረቀት አለው፤ ሌባ አይደለም፤ ታዲያ ማታ ማታ ወደ ናዝሬት ሲመጣ ኬላ ላይ አስቆሙት ሲሉኝ ልቤ ለምን ይመታል?» ነበር ያሉት። ሊቀመንበራችን ሰዓቱ ደርሷል ብለው ዘጉና ጥያቄውን «አንተ ሾፌር ነበርክ፣ አንተ መልስ» ብለው ወደ እኔ አሻገሩት። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ከዚህ እስከ ሻሸመኔ፣ ከዚህ እስከ አዋሽ ባሉት ኬላዎች ብዙ ሌሊት ቆሜአለሁ፤ ያነበብሁትንም ያየሁትንም አንድ ላይ አድርጌ ላቅርብ።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን ለፈቃድ አስገዛው እንጂ ፈቃድ ያለውን ሰው ወንጀለኛ አላደረገውም። ያለፈቃድ የያዘና በመሣሪያ የሚነግድ ግን ይቀጣል፤ የንግዱ ቅጣት ደግሞ ቀላል አይደለም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፈቃዱን የሰጠው መንግሥት ነው፣ ኬላ ላይ ቆሞ የሚጠይቀውም መንግሥት ነው። አንዱ እጅ የፈቀደውን ሌላው እጅ በጥይት መመለስ የለበትም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት አለው ይላል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ደግሞ ራስን ወይም ሌላን ሰው መከላከል የሚፈቀደው ሕገ ወጥ ጥቃት ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ ሳይቻል ሲቀር፣ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። ፈርቻለሁ ማለት ብቻውን በቂ አይደለም ማለት ነው።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል። መንገዱስ?

እዚህ ላይ የሩቅ አገር ነገር ላንሣ፤ ሩቅም አይባልም፣ ምክንያቱም ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጁ ሚኒሶታ የሌለ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሴንት ፖል የሚባለው ከተማ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል የሚባል የ32 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ በአንድ ትምህርት ቤት የልጆች ምግብ ቤት ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ሰኔ 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ማታ ፎልከን ሃይትስ በሚባል አጠገቡ ባለ ከተማ መኪና እየነዳ ሲሄድ ፖሊስ አስቆመው። የተነገረው ምክንያት የኋላ መብራት አይሠራም የሚል ነው። ፖሊሱ ግን አስቀድሞ በሬዲዮ ለባልደረባው ሰውየው በዘረፋ የሚፈለግ ሰው ይመስላል ብሎ ነበር። አብራው የነበረችው የሴት ጓደኛው ናት፤ ከኋላ ወንበር የአራት ዓመት ልጇ ተቀምጣለች።

ካስቲል መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ነበረው። የዚያ ክፍለ ግዛት ሕግ ፖሊስ ሲጠይቅ ተናገር ይላል እንጂ ሳትጠየቅ ንገር አይልም። እሱ ግን ሳይጠየቅ፣ በትሕትና፣ መሣሪያ እንደያዘ ለፖሊሱ አሳወቀው። ፖሊሱ እንዳያወጣው ነገረው። እሱም አላወጣም አለ። መታወቂያህን አምጣ ተብሎም ነበርና እጁ ተንቀሳቀሰ። ከተናገረበት እስከ ተተኮሰበት ያለው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ሰባት ጥይት ተተኮሰ። ጓደኛው ከተኩሱ በኋላ ያለውን በስልኳ በፌስቡክ በቀጥታ አሳየች፤ ዓለም አየው። ፖሊሱ ተከሰሰ፤ ሰኔ 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ዳኞቹ ነጻ ብለው አሰናበቱት። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ካስቲል ለጥቃቅን የትራፊክ ጥፋት ከ40 ጊዜ በላይ በፖሊስ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። ኬላ እንደለመደው ሾፌር ማለት ነው። ያን ያህል ጊዜ ቆሞ በሰላም የሄደ ሰው አንድ ማታ ቀረ።

ይህን ያወራሁት አሜሪካን ለመውቀስ አይደለም፤ የእነሱ ነገር የዘር ነገርም አለበት፣ ያንን እነሱ ያውቁታል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። «መሣሪያ አለኝ» የሚለውን ቃል የሚናገረው ሰው እውነተኛ ስለሆነ ነው የሚናገረው፤ ሰሚው ግን የሚሰማው «መሣሪያ» የሚለውን ብቻ ነው።

በእኔም ላይ ደርሷል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ከባቱ ቲማቲም ጭነን በአይሱዙ ስንመለስ ነው። ዝናብ ነበር፤ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ይሆናል። በሁለት በርሜል መካከል ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱን ያየሁት ልደርስበት ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ኬላው የት እንደሆነ አልናገርም፣ አሁን ጥቅም የለውም። አንድ ወጣት መጣና የእጅ ባትሪውን ዐይናችን ላይ አበራ። «መሣሪያ ይዛችኋል?» አለ። ከጎኔ የወንድሜ ልጅ ተቀምጧል፤ ሽጉጡ ወገቡ ላይ፣ የፈቃዱ ወረቀት ደግሞ የኋላ ኪሱ ውስጥ። ልጄ ምን አደረገ? «አዎ» አለና ወዲያውኑ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። ወረቀቱን ሊያሳይ ነው እኮ! ወጣቱ ሲያቀባብል የተሰማኝ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ኧረ ወረቀት ነው! ወረቀት ነው!» ብዬ ጮኽሁ። የወንድሜ ልጅ ደንዝዞ ቀረ፤ መደንዘዙ ነው ያዳነው። ነገሩ ከበረደ በኋላ ወጣቱ አጠገቤ መጣ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። «ጋሼ፣ እኔም እኮ ፈራሁ» አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምስ ቆሞ ነው የዋለው። ከጭነቱ ቲማቲም ሰጠሁት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

እንግዲህ የፈቃድ ባለቤቶች ሆይ፣ ከዚያ ሌሊት የተማርሁት ይህ ነው። ወረቀቱና መሣሪያው አንድ ቦታ አይቀመጡ። ወረቀቱ ከመንጃ ፈቃድና ከሊብሬው ጋር ከፊት፣ ከፀሐይ መከለያው ሥር ይሁን፤ መሣሪያው ጥይት ሳይጎርስ እጅ ከማይደርስበት ቦታ ይሁን። መኪናው ውስጥ ያለውን መብራት አብሩት፤ ብዙ ሾፌር ይህን አያደርግም፣ ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ግን ሁልጊዜ ያስፈራል። እጃችሁ መሪ ላይ ይሁን። ከዚያ መጀመሪያ ስለ ፈቃዱ ተናገሩ፤ «ፈቃድ አለኝ፣ ወረቀቱ እዚህ ነው፣ ላውጣ?» በሉና «አውጣ» እስክትባሉ ድረስ ጣታችሁን አታንቀሳቅሱ። አማርኛው ወይም ኦሮምኛው ካልገባችሁ አልገባኝም በሉ እንጂ በግምት አትንቀሳቀሱ። ረዳቶችም አስታርቃለሁ ብላችሁ ከጋቢና አትዝለሉ። ገመድ ጥሶ ማለፍ፣ ቸኩያለሁ ብሎ ክላክስ መንፋት፣ ጠጥቶ መሣሪያ ይዞ መንዳት፣ ይህን የሚያደርግ ሰው እኔ ልከላከልለት አልችልም።

ነገር ግን በዚህ ላይ ካቆምሁ ዋሽቻለሁ። ሙሉ ሸክሙን በሾፌሩ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ የካስቲል ታሪክ ግን ይህን አይፈቅድም። እሱ ተናግሯል፣ በትሕትና ተናግሯል፣ ሞቷል። ስለዚህ የቀረው ድርሻ ጠመንጃውን በሕዝብ ስም የያዘው ወገን ነው። በ1982 ዓ.ም. በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና በተካሄደ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ የወጡት መርሆዎች ፖሊስ ከመተኮሱ በፊት ማንነቱን እንዲያሳውቅ፣ በግልጽ እንዲያስጠነቅቅ፣ ማስጠንቀቂያውም እንዲፈጸም በቂ ጊዜ እንዲሰጥ ያዛሉ፤ ይህ የሚቀረው በዋናነት መዘግየቱ ራሱ ሰውን ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የሚያጋልጥ ሲሆን ነው። ሆን ተብሎ ሊገድል የሚችል ተኩስ የሚፈቀደው ሕይወትን ለማዳን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። ሰው ከቆሰለ ወይም ከሞተ ደግሞ ቤተሰቡ በተቻለ ፍጥነት ይነገረው ይላሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ደግሜ አነበብኋት። ልጇ የት እንዳደረ በወሬ የምትሰማ እናት በዚህ አገር ታውቃላችሁ፣ አታውቁም?

ገመድ ላይ የሚያንጸባርቅ ጨርቅ ማንጠልጠል ምን ያህል ይፈጃል? አንድ ፋኖስስ? የወጡት ሰዎች ፖሊስ መሆናቸው በሌሊት የሚለየው በምንድን ነው? ሽፍታም እኮ የደንብ ልብስ ለብሶ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ ሾፌር ገመድ አይቶ የማይቆመው አንዳንድ ጊዜ ከጥጋብ ሳይሆን ከዚህ ፍርሃት ነው። በሁለቱም ወገን ፍርሃት አለ፤ ጥይቱ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ በአንዱ ወገን ዝግጁ ሆኖ ነው።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ባለፈው ሳምንት እንደተስማማው የአካባቢያችን ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲገኙልን ደብዳቤ ተጽፏል። ሦስት ነገር እንጠይቃቸዋለን፤ በሌሊት ኬላ ላይ መብራትና ምልክት እንዲኖር፣ መሣሪያ አለኝ የሚል ሰው ሲገጥማቸው ለጠባቂዎቹ የተሰጠ መመሪያ ምን እንደሆነ፣ ጥይት በተተኮሰ ጊዜ ማን እንደሚመዘግብና ቤተሰብ ለማን እንደሚያመለክት። በትሕትና እንጠይቃለን፤ ሰዎቹም የኛው ልጆች ናቸው። የማይመልሱት ካለ ግን አልተመለሰም ተብሎ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል።

እትዬ፣ የእርስዎን ጥያቄ አልረሳሁም። ልብዎ የሚመታው ያለምክንያት አይደለም፤ ወረቀቱ ልጅዎን ከፍርድ ቤት ያድነዋል እንጂ ጨለማ ውስጥ ከፈራ ጣት አያድነውም። ሐሙስ ከመቂ ሲመለስ ወደ እኔ ይላኩልኝ። መኪናው ውስጥ ገብተን ወረቀቱን የት እንደሚያስቀምጥ፣ እጁን የት እንደሚያደርግ አሳየዋለሁ። የወንድሜ ልጅም ይመጣል፤ እሱ ከእኔ ይልቅ በደንብ ይነግረዋል።