በየወገኑ ስለ መቍጠር

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ የገፈርሳ ልጅ ያደረገው ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለ ቍጥር ነው። ርእሱ ለሰሚ የደረቀ እንደሚመስል ዐውቃለሁ። ነገር ግን የሚቈጠረው የራሳችን ኑሮ በሆነ ጊዜ ደረቅነቱ ይቀራል።

እኔ የተወለድሁት በገፈርሳ ነው። ገፈርሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ለዋና ከተማው ውኃ ከሚሰጡት ግድቦች በዕድሜ የሚቀድመው የገፈርሳው ነው፤ ለገዳዲና ድሬ ከእርሱ በኋላ የመጡ ናቸው። እንዲህም ሆኖ፣ ውኃው ባጠገባችን ተኝቶ እያየነው ጀሪካን ይዘን ወረፋ የጠበቅንበት ቀን ጥቂት አይደለም። ቧንቧው የሚመጣው በፈረቃ ነው። ባለፈው የክረምት ዕረፍት እኔና ጥቂት የሰፈር ልጆች «ለእናንተ በየቀኑ ይመጣል፤ ለእኛ ግን አይመጣም» የሚለው ክርክር ስለ ሰለቸን፣ በየቤቱ ደብተር ሰጥተን ውኃ የመጣበትንና የሄደበትን ቀንና ሰዓት እንዲጽፉልን ለመንን። ደብተሮቹን ሰብስበን ወደ ኮምፒዩተር አስገባናቸው። የዛሬው ንግግሬ ከዚያ በኋላ ስለ ሠራነው ስሕተት ነው።

በየወገኑ መቍጠር ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የዕድር ጸሐፊ መዝገቡን ከፍቶ፣ የዚህን ሰው መዋጮ ከዚህ፣ የዚያን ከዚያ ለይቶ በየስሙ ይደምራል። ኮምፒዩተሩም የሚሠራው ይህንኑ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. የአይቢኤም ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ መረጃ በሰንጠረዥ መልክ እንዲቀመጥ የሚያስረዳውን ጽሑፍ አወጣ። በ1974 ደግሞ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ሰንጠረዡ የሚጠየቅበትን ቋንቋ አቀረቡ፤ ይኸውም ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለው ነው። በዚህ ቋንቋ «ግሩፕ ባይ ሰፈር» ብለን ስናዝዝ፣ አንድ ዓይነት የሰፈር ስም ያላቸው መስመሮች በአንድ ክምር ይሰበሰባሉ። ከዚያም «ካውንት» ይቈጥራል፣ «ሰም» ይደምራል፣ «አቬሬጅ» አማካዩን ያወጣል፤ ለእያንዳንዱም ክምር አንድ መስመር መልስ ይሰጣል። «ዌር» የማይፈለገውን መስመር ከመከመሩ በፊት ይለቅማል፤ «ሃቪንግ» ግን ከተከመረ በኋላ ክምሩን መዝኖ ያስቀራል።

ዳታቤዝ ለሌለው ሰው ደግሞ የሼል ትእዛዞች አሉ። «ዩኒክ» ተመሳሳይ መስመሮችን ይቈጥራል፤ ነገር ግን የሚያውቀው አጠገቡ ያለውን ጎረቤት ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በ«ሶርት» ካልተደረደረ አንዱን ስም ከላይም ከታችም እየለያየ ይቈጥረዋል። በ1977 አሆ፣ ዋይንበርገርና ከርኒሃን ያወጡት «ኦክ» ግን ለእያንዳንዱ ስም የራሱን ሣጥን ስለሚይዝ ድርደራ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ትእዛዙ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ ስሕተቱ ከየት መጣ?

አንደኛው ከስም ነው። አንዱ «ገፈርሳ ጉጄ» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው «ጌፈርሳ ጉጄ»፤ ሌላው ደግሞ አሳጥሮ «ገ/ጉጄ»። ለእኛ አንድ ሰፈር የሆነው ለኮምፒዩተሩ ሦስት ሰፈር ሆነ። በሰው ስምም «ኃይሉ»ና «ሐይሉ»፣ «ዓለሙ»ና «አለሙ» እንዲሁ ተለያዩ። በዚህ ላይ በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ሌሎችም በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ሸገር ከተማ በሚል ስም ስለ ተጠቃለሉ፣ ከተማውን «ቡራዩ» ያለም «ሸገር» ያለም ነበረ። ይህን ሳያስተካክሉ ኩዌሪውን መደጋገም፣ ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው። መድኃኒቱ፣ በአንድ ወገን የተጻፈውን ስም፣ በሌላው ወገን ትክክለኛውን የሚያሳይ ትንሽ ሰንጠረዥ ሠርቶ ከመቍጠር በፊት ማገናኘት ነው። ፊደሉን በሼል ለማስተካከል ለሚያስብም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በሊኑክስ ላይ ያለው «ቲአር» የሚለውጠው ባይትን እንጂ ፊደልን አይደለም። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ ኤይት አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ ያበላሸዋል። በ«ሴድ» መሥራት ይሻላል።

ሁለተኛው ከቀን ነው። ውኃ በአብዛኛው በሌሊት ይመጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት መጥቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሄደ ውኃ ለእናቴ የአንድ ሌሊት ውኃ ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስለ ሆነ፣ ሁለት ቀን እንደ መጣ አድርጎ ቈጠረው። ስለዚህ ከመከመራችን በፊት ከእያንዳንዱ ጊዜ ላይ 6 ሰዓት ቀነስን፤ ቀኑም እንደ ልማዳችን በንጋት 12 ሰዓት ጀመረ። የወሩም ነገር እንዲሁ ነው። ኮምፒዩተሩ ኦገስት ብሎ የሰበሰበው ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 25 ያለውን ነበር። ወሩን በእኛ አቈጣጠር ስናስተካክል ደግሞ ጳጉሜን ከሁሉ አንሣ ተገኘች፤ እርስዋ ግን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስላላት ድምሩን ለቀኗ ሳያካፍሉ ከነሐሴ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሦስተኛው ከባዶ ቦታ ነው። ለምሳሌ ያህል አምስት ቤቶች አሉ እንበል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱ ቤቶች 7፣ 7 ቀን ውኃ አገኙ፤ ሦስተኛው 1 ቀን፤ አራተኛው 0 ብሎ ጻፈ፤ አምስተኛው ምንም አልጻፈም። «አቬሬጅ» ባዶውን ትቶ 15ን ለ4 ያካፍልና 3.75 ይላል። ባዶው እንደ ዜሮ ከተቈጠረ 15 ለ5 ተካፍሎ 3 ይሆናል። አራተኛው ቤት ዜሮውን መጻፍ ቢሰለችና ባዶ ቢተወው ደግሞ 15 ለ3 ተካፍሎ 5 ይሆናል። ቤቶቹ እነዚያው ናቸው፤ መልሱ ግን ሦስት ዓይነት ነው። ከሦስቱም አንዱን መልስ የሚመስል ቤት ከጻፉት ውስጥ የለም። ስለዚህ አማካዩን ብቻ አትጻፉ፤ ትንሹንና ትልቁን፣ የስንት ቤት ደብተር እንደ ሆነም ጨምሩበት።

አራተኛው ስሕተት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ያገኘነውም እኛ አይደለንም። ሥራው አለቀ ብለን ውጤቱን በዕድር ስብሰባ ላይ በየሰፈሩ ካነበብን በኋላ፣ አንዲት አሮጊት ከኋላ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ የእኛን ሰፈር የት ጣልኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ሰፈራቸው የለም። ያሳተመው ሰው ረስቶት አልነበረም። ደብተር የሰጠነው ቧንቧ ላለው ቤት ነበር። በእርሳቸው ሰፈር ቧንቧ ስላልገባ ደብተር አልደረሳቸውም፤ ደብተር ከሌለ መስመር የለም፤ መስመር ከሌለ ደግሞ «ግሩፕ ባይ» ክምር አይሠራም። «ዜሮ» ብሎ እንኳ አይጽፈውም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ከሁላችን ይልቅ ውኃ የጠማቸው ሰዎች ከቍጥራችን ውጭ ቀሩ፤ እኛም ውጤቱ ደኅና ነው ብለን ደስ ብሎን ነበር። ለእማማ የምመልሰው አጥቼ ይቅርታ ጠየቅሁ።

በሙያው በኩል መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ቍጥሩን ከደብተሩ ሳይሆን ከሰፈሮቹ ሙሉ ዝርዝር መጀመር፣ ደብተሩንም በ«ሌፍት ጆይን» ማያያዝ፣ ከዚያም ኮከቧን ሳይሆን የደብተሩን ዓምድ መቍጠር ነው። ኮከቧ ባዶውን መስመር አንድ ብላ ትቈጥረዋለች፤ ዓምዱ ግን ዜሮ ይለዋል። በዚያን ጊዜ የእማማ ሰፈር ዜሮ ይዞ በወረቀቱ ላይ ይወጣል፤ ያየውም ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል። ነገር ግን ሙሉውን ዝርዝር የትኛውም ኩዌሪ አይሰጠንም። እርሱ የሚገኘው በእግር ዞሮ፣ ሰው ጠይቆ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ገብተው ሰውን በወረዳ፣ በዕድሜ፣ በትምህርት እየከፈሉ ይቈጥራሉ። በዚያም ቍጥር መሠረት ለአንዱ ሰፈር ቧንቧ ይገባል፣ ለሌላው ይቀራል። ማን ከማን ጋር እንደሚቈጠር፣ ቀኑም ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው ሰው ነው፤ ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን ይፈጽማል። መምህሮቻችንንም በትሕትና የምንለምነው፣ ትእዛዙን ሲያስተምሩን «በዚህ መልስ ውስጥ ያልገባው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በፈተናም ጭምር እንዲጠይቁን ነው።

እኛ በሚመጣው ዕረፍት ወደ እማማ ሰፈር ደብተር ይዘን እንሄዳለን። በዚያ የሚጻፈው ቧንቧ የመጣበት ሰዓት ሳይሆን፣ ውኃ ለመቅዳት የተኬደው መንገድና የጠፋው ጊዜ ይሆናል። ከእኛ ጋር ለመሥራት የሚፈቅድ ሁሉ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ያስመዝግብ። ስሙንም አሟልቶ እንዲጽፍልን አደራ እላለሁ።