የጉንጭ ሳይነስ ሕክምና እና የብድር ሣጥናችን
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የሂሳብ ሪፖርት አላቀርብም፤ የምናገረው ግን ከሂሳብ የራቀ አይደለም። በብድር ማመልከቻዎች ላይ «ለሳይነስ ኦፕሬሽን» የሚል ምክንያት ማየት ጀምረናል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ብድሩ የሚውልበትን ነገር እንድናውቅ ብቻ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

በሁለቱም ጉንጫችን አጥንት ውስጥ አየር የሚይዝ ባዶ ክፍል አለ። ወደ አፍንጫ የሚከፈትበት በር ጠባብ ነው፤ ያውም ያለው ከታች ሳይሆን ከላይ ነው። ስለዚህ ፈሳሹ በራሱ ቁልቁል አይወርድም፤ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ወደ በሩ እየገፉ ያወጡታል። በሩ በእብጠት ሲዘጋ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ መግል ይሆናል።

ድሮ ሐኪሞች ከላይኛው ከንፈር ሥር ቀደው፣ የጉንጩን አጥንት ከፍተው ያጸዱ ነበር። ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ካልድዌል በ1893፣ ፈረንሳዊው ሉክ በ1897 እ.ኤ.አ. አስተዋወቁት። በኋላ በኦስትሪያ የግራዝ ከተማ ሐኪም ሜሰርክሊንገር የፈሳሹን መንገድ በጥልቀት አጠኑ። ከታች ሌላ ቀዳዳ ቢከፈትለት እንኳ ፈሳሹ አልፎት ወደ ተፈጥሮ በሩ ይሄዳል። ስለዚህ የዛሬው ኦፕሬሽን ኢንዶስኮፕ የሚባለውን ቀጭን መመልከቻ በአፍንጫ አስገብቶ ያንኑ በር ያሰፋል። ፊት አይቀደድም።

ታዲያ ሁሉም ሰው ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል? አያስፈልገውም። የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥር ከዚህ ክፍል ወለል ጋር የተጠጋ ነው። በአንድ ወገን ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ካለ መነሻው የተበላሸ ጥርስ ሊሆን ይችላል፤ ጥርሱ ሳይታከም በሩ ቢሰፋ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው። የምድጃ ጭስም አፍንጫን ያስቆጣል። «ሳይነስ ነው» የምንለው ራስ ምታት ደግሞ ብዙ ጊዜ ማይግሬን ሆኖ ይገኛል። ብዙዎች በመድኃኒትና በጨው ውኃ እጥበት ይሻላቸዋል፤ ውኃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ዓይን ካበጠ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም በአንድ ወገን ደም ከተደጋገመ ግን ብድር እስኪፈቀድ አይጠበቅም፤ በቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልምጣ። ኦፕሬሽን የሚወሰነው ሕክምና ተሞክሮ፣ ሲቲ ስካን ተነሥቶ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር ይዛችሁ ሂዱ፤ ደረጃውን የዘለለ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። ከነቀምት አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአስታማሚ ትራንስፖርትና ማደሪያም ይቆጠር። ከኦፕሬሽን በኋላ ደግሞ ለተወሰኑ ሳምንታት ከባድ ዕቃ ማንሣትና ምድጃ ሥር መዋል አይቻልም። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እህታችን በዚያ ጊዜ ገቢ የላትም፤ እኛ ግን በየሳምንቱ ክፍያ እንጠብቅባታለን።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለሕክምና የሚሰጥ ብድር የሐኪም ወረቀት ይያያዝበት፤ ለመከልከል ሳይሆን ገንዘቡ ትክክለኛው ቦታ እንዲውል። ሁለተኛ፣ ክፍያው ከማገገሚያው ጊዜ በኋላ ይጀምር። በሚቀጥለው ስብሰባ ተወያይታችሁ ድምፅ ስጡበት።