የዜማን ረቂቅ በቤት ውስጥ ስለ መቅረጽ

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



በመሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ በንጹሕ ከመጻፉ በፊት ረቂቅ እንደሚወጣለት ሁላችንም የምናውቀው ነው። ረቂቁ ስርዝ ድልዝ ይበዛበታል፤ በኅዳጉም ቃላት ይጨመሩበታል፤ ነገር ግን አሳቡን በመጀመሪያ የያዘው እርሱ ነው። በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው። ይኸውም በራሱ አቅም አልበም ለማውጣት የሚያስብ ሰው ስቱዲዮ ከመግባቱ አስቀድሞ ዜማውን በቤቱ በረቂቅ ሊቀርጽ የሚገባው ስለ ምን እንደ ሆነና እንዴትስ ሊቀርጽ እንደሚችል ለማስረዳት ነው።

ብዙ ሰዎች አልበም የሚጀመረው በስቱዲዮ ደጃፍ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ገንዘብ እስኪጠራቀም ወይም ወደ ትልቅ ከተማ እስኪዛወሩ ድረስ ዜማቸውን በልባቸው ይዘው ይጠብቃሉ። ነገር ግን ልብ የታመነ መዝገብ ቤት አይደለም። ዛሬ ማታ የመጣው ዜማ ከወር በኋላ ግማሹ ተለውጦ፤ ግማሹም ከሌላ ሰው ዜማ ጋር ተደባልቆ ይገኛል።

ለምሳሌ ያህል በደቡብ ኦሞ፤ ከቀይ አፈር ወደ ዲመካ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በአልዱባ ተመድቦ የሚያገለግል፤ ማታ ማታ ክራር የሚመታ አንድ መምህር እናስብ። የተሟላ ስቱዲዮ ለማግኘት ሩቅ መንገድ መጓዝ ይኖርበታል፤ የመንገዱና የስቱዲዮው ዋጋም ከደመወዙ ጋር አይመጣጠንም። ይሁን እንጂ በኪሱ ያለው ስልክ ድምፅ መቅረጫ አለው። ይህ ሰው የሚጎድለው መሣሪያ ሳይሆን፤ ሻካራ ቀረጻ አያሳፍርም የሚል ድፍረት ነው።

ሻካራ ቀረጻ የማያሳፍር ለመሆኑ ከእማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ የተሻለ ምስክር አይገኝም። (በዚህ ንግግር ስለ ሙዚቀኞች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1923 የተወለዱት እኚህ መነኩሲትና የፒያኖ ሊቅ፤ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት በአዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱና እየዘመሩ ዜማቸውን በተራ የካሴት መቅረጫ ይቀርጹ ነበር። በቀረጻው ውስጥ ከመስኮቱ ውጭ የሚንጫጩት ወፎች ይሰማሉ። ካሴቶቹ ከእርሳቸው ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገሩ። እማሆይ በመጋቢት ወር 2023 ካረፉ በኋላ፤ በ2024 ያ የቤት ውስጥ ቀረጻ በአልበም ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ተሰማ። የወፎቹ ድምፅ ዜማውን አላበላሸውም። እነዚያ ካሴቶች ባይቀረጹ ኖሮ ግን ዛሬ የሚሰማው መዝሙር ባልኖረ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌያችን አቶ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት እኚህ ሰው በአሜሪካ ከቀሩ በኋላ፤ በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን እርሳቸው ብቻ እየተጫወቱ፤ ምቱን ለመሣሪያ ትተው አንድ ካሴት ቀረጹ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ጊዜም በመኪናው ውስጥ በያዟት ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። ያ ካሴት በባሕር ዳር በአንድ አሜሪካዊ ሙዚቃ ሰብሳቢ ተገኝቶ በ2013 እንደገና ታተመ፤ እርሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። እንግዲህ አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ የሠራው ሥራ ባለቤቱን ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ፈልጎ እንዳገኘው መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። የመጀመሪያው ነገር ቦታ መምረጥ ነው። የቆርቆሮ ጣራና ባዶ ግድግዳ ድምፅን እየመለሱ ያስተጋባሉ፤ ስለዚህ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ በግድግዳው ላይ መስቀል፤ ፍራሽንም ማቆም ይጠቅማል። የማክሰኞ ገበያ በሚቆምበት በአልዱባ የገበያው ቀን ለቀረጻ አይመችም፤ ነፋስ የሌለበት ሌሊት ወይም ማለዳ ይመረጣል።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ስልኩ ከአፍ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፤ ለስላሳ ነገር ላይ ተቀምጦ፤ ጥሪ እንዳይገባበት ተዘግቶ ይሁን። አስቀድሞ ከዘፈኑ ከፍ ብሎ የሚሰማውን ክፍል ለሙከራ መቅረጽ ያስፈልጋል። ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ድምፅ በኋላ ከፍ ሊደረግ ይችላል፤ ከልክ አልፎ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን መድኃኒት የለውም።

ሦስተኛው የፋይሉ ዓይነት ነው። ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነ ሳይጨመቅ በዋቭ መቅረጽ ይሻላል፤ በአንድ መስመር ሲቀረጽ ለአንድ ደቂቃ 5 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ሁለተኛ ድምፅ ለመጨመር የሚፈልግ ሰውም ሁለት ስልክ ይበቃዋል፤ ከአንደኛው የመጀመሪያውን ቀረጻ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ በሌላው ይቀርጻል።

አራተኛው፤ እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች በይበልጥ የምናውቀው፤ መዝገብ ነው። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ቀኑን፤ ቦታውን፤ የደራሲውን ስምና ቅኝቱ ትዝታ፤ ባቲ፤ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ መሆኑን በቃል መናገር ይገባል። ግጥሙን ሌላ ሰው ሰጥቶ እንደ ሆነ የእርሱም ስም ይጠራ። ከዚያም ቀረጻው በሁለት ልዩ ልዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ ስልክ ይሰበራል፤ ይጠፋልም። በቤቱ አሮጌ ካሴት ያለው ሰው ደግሞ ክሩ ሳይበላሽ በፍጥነት ወደ ዲጂታል ያዛውረው።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ለትዝታ ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለአንድ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው፤ ሥራው ወጥ ሲሆንና ሲጻፍ ወይም ሲቀረጽ ነው። የሥራውን ጥራት አይጠይቅም፤ ሌላ ሥነ ሥርዓትም አያዝዝም። በልብ ውስጥ ብቻ ያለ ዜማ ግን ይህን አያሟላም። እንግዲህ በጋቢ በተከለለች ክፍል የተቀረጸው ሻካራ ድምፅ የደራሲው የመብት መነሻ ነው። ዜማውን ሰምቶ የራሱ ያደረገ ሌላ ሰው ቢነሣ፤ ቀኑና ስሙ የተነገረበት ረቂቅ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ይህ መብት ግን ግዴታንም ያስከትላል። በአልዱባ ገበያ የበና፤ የፀማይና የሐመር ሰዎች ይገናኛሉ። ጎረምሳው በከብቶች ጀርባ ላይ በሚዘልበት ሥርዓት ሴቶቹ በእግራቸው ቃጭል አስረው፤ ጥሩንባ እየነፉ የሚዘፍኑት ዜማ ከአያት የወረደ የሕዝብ ሀብት ነው። እንግዳው ሠራተኛ ይህን በስልኩ ቀርጾ በአልበሙ የራሱን ስም ቢጽፍበት፤ በራሱ ላይ እንዳይደረግበት የሚሰጋውን በሌላው ላይ አደረገ ማለት ነው። የአንትሮፖሎጂ ሊቁ ኢቮ ሽትሬከር የቀረጸው ሙዚቃ በ1979 በምዕራብ በርሊን በሸክላ ሲወጣ የሐመር ሙዚቃ ተብሎ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ማስፈቀድ፤ የዘፋኞቹን ስም መመዝገብ፤ ከሚገኘውም ጥቅም ማካፈል የጨዋ ሰው ተግባር ነው።

በመጨረሻም ረቂቅ ረቂቅ መሆኑን መርሳት አይገባም። ብዙ ረቂቆች ተሰምተው ይጣላሉ፤ ጥቂቶቹ ስቱዲዮ ገብተው ይታደሳሉ፤ አንዳንዱም እንደ እማሆይ ካሴት ራሱ ፍጻሜ ይሆናል። የትኛው የትኛው እንደሚሆን በመጀመሪያው ሌሊት አይታወቅም። ከእኛ የሚፈለገው ዜማው በመጣበት ሌሊት መቅረጽ፤ ስምና ቀን ማኖር፤ መጠበቅም ነው።