«ገባኝ» ያሉኝ እናት

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ተማሪዎችን የምታሠለጥን አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያደረገችው ንግግር)



ሊቀመንበራችን ንግግር አድርጊልን ሲሉኝ «ስለ ወገብ ሕመም ይሁን?» ብያቸው ነበር። ወገቧን የማያማት ማን አለች! ዛሬ የመጣሁት ግን ልመክራችሁ ሳይሆን ልለምናችሁ ነው። ተማሪዎቼን እንድታስተምሩልኝ እፈልጋለሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ለልምምድ በተመደብኩበት ሆስፒታል፣ ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው የደከመ አንዲት እናት ደረሱኝ። ሁሉንም ነገር እንደ ደብተሬ ሠራሁ። የጡንቻቸውን ጉልበት ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ መዘገብኩ። ክርናቸው ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ በጎኒዮሜትር ለካሁ። ቤት የሚሠሩትን እንቅስቃሴ በሥዕል አዘጋጅቼ ሰጠኋቸው። «ገባዎት?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ፣ ገባኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። አስተማሪዬም ጥሩ ነጥብ ሰጠኝ።

ከ3 ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ግራ ትከሻቸው የሚነካ አልነበረም፤ ገና እጄን ስዘረጋ ፊታቸው ይጨማደዳል። ለካ ልጃቸው በየጠዋቱ ከአልጋ ስታነሳቸው የምትስበው የደከመውን እጃቸውን ይዛ ነው። ስትሮክ ሲመታ ትከሻን በቦታው የሚይዙት ጡንቻዎች ይላላሉ፤ እጅ ሲጎተት መገጣጠሚያው ይጎዳል። ይህን አውቅ ነበር፣ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። ለልጅቱ ግን አልነገርኳትም። ያን ቀን በሩ ጋ ቆማ ነበር፤ ማን እንደሆነች እንኳ አልጠየቅኩም። ሥዕሉንም ቢሆን እናትየው በደንብ አያዩትም ነበር፤ ዓይናቸው ደክሟል። ከስትሮክ በኋላ አካል በብዛት የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ከዚያ ላይ 3 ሳምንት አባከንኩባቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን አስተማሪ ስሆን ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማስተዋቸው ጥያቄ «ገባዎት?» የሚለውን ነው። እኛ አገር ለዚህ ጥያቄ «አልገባኝም» ብሎ የሚመልስ ሰው ስንት ነው? ይሉኝታው አለ፣ ነጭ ጋዋኑም ያስፈራል። «ያምዎታል?» ሲባሉም «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። ስለዚህ ተማሪው «እስቲ ያሳዩኝ» ብሎ ይጠብቅ፤ እየነካ ደግሞ ዓይኑ ፊታቸው ላይ ይሁን። ቤት ውስጥ የምታነሳቸውን ልጅም ይጥራትና እሱ እያየ እሷ ታንሳቸው። በእጅም በብብትም መጎተት የለም። ወደ አልጋው ጠርዝ ቀረብ ይላሉ፣ ሁለቱ እግሮች መሬት ይረግጣሉ፣ ተረከዝ ወደ ኋላ ሳብ ይላል፣ ከዚያ ግንባራቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪሆን ወደ ፊት ያዘነብላሉ። ያኔ ሰውነት ራሱ ይነሳል፤ የልጅቱም ወገብ ይተርፋል።

አነጋገርም አለ። የ20 ዓመት ልጅ እናቱን የምታህል ሴት «አንቺ፣ ተኚ» ሲል ሰምቻለሁ። ሌላው ወንድ ተማሪ ሳይጠይቅ ነጠላ ገለጠ። ክፋት አይደለም፣ ጭንቀት ነው፤ ጡንቻዋን እንጂ ሴትዮዋን አላያትም። አሁን ሕጋችን እንዲህ ነው፦ ስምህን ተናገር፣ የምታደርገውን አስረዳ፣ ፈቃድ ጠይቅ፣ የማትመረምረውን ሸፍን። «ወጌሻ ጋ ሄጄ ነበር» ያለች ታካሚ ላይም መሳቅ ክልክል ነው። የተሳቀባት ሴት ሁለተኛ ጊዜ እውነቱን አትነግረንም፤ መታሸቷንና መጎተቷን ካላወቅን ደግሞ እኛም እንሳሳታለን።

ከእናንተ መካከል አንዷ ባለፈው ዓመት ያስተማረችን አለ፤ ስሟን አልጠራም፣ ራሷ ታውቃለች። ተማሪዋ 2 ሳምንት ሙሉ ደረጃ ስታስወጣት ከረመች። ቤቷ ግን ደረጃ የለውም። በመጨረሻ «ምን ማድረግ ናፈቀሽ?» ስትባል «በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ቡና ማፍላት» አለች። በርጩማ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ጉልበትና ዳሌ ከወንበር ይበልጥ መታጠፍ አለባቸው፣ መነሳቱ ደግሞ ይብሳል። የመጸዳጃ ቤቱም ነገር እንደዚያው ነው። ልምምዳችን በከፍተኛ አልጋና በወንበር ላይ ብቻ ከሆነ የምናዘጋጃት ለሌላ ሰው ቤት ነው።

ታካሚ አስተማሪ መሆኗ አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተውን የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ታውቁታላችሁ። ምጥ ለቀናት ሲጠና ፊስቱላ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ የእግር ነርቭ ተጨፍልቆ የእግር መዳፍ ወደ ላይ አልነሳ የሚላቸው ሴቶች አሉ። ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላም የእግሩ ሥራ ይቀራል፤ እሱ የእኛ ነው። እዚያ ታክመው የዳኑ ሴቶች አስታማሚ ሆነው ሌሎችን ሲያነሱና ሲደግፉ ኖረዋል። ማሚቱ ጋሼ ደግሞ ታካሚ ሆና ገብታ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆናለች፤ ሐኪሞችንም አሠልጥናለች።

ደጋፊዎቻችን «ምን ማሽን እንግዛ?» ብላችሁ ነበር። አመሰግናለሁ፤ ግን ማሽን ይቆይ። ጥቂት ምንጣፍ፣ ቁመቱ የተለያየ በርጩማ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተማሪዎቹና የአስታማሚዎቹ የታክሲ ሒሳብ ይበልጥብናል። ታካሚዋ መጥታ ልጇ በታክሲ ሒሳብ ምክንያት ቤት ከቀረች ምን እንደሚሆን ነግሬአችኋለሁ።

እናንተን የምለምነው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት 6 ተማሪዎች ወደዚህ አዳራሽ ይመጣሉ። ጉልበት የሚያማችሁ፣ ስትሮክ የነካችሁ፣ የታመመ የምታስታምሙ፣ 6 ሴቶች ብትመዘገቡልኝ። ይመረምሯችኋል፣ ከዚያ እናንተ ታርሟቸዋላችሁ፦ እጁ ከበዳችሁ፣ አነጋገሩ ቅር አሰኛችሁ፣ ያለው አልገባችሁ እንደሆነ ፊት ለፊት ንገሩት። «የሰው ልጅ ነው፣ ያዝናል» አትበሉ።

ቡናው ደግሞ ከእርማቱ በኋላ ይፈላ። አብራችሁት ቡና የጠጣችሁትን ልጅ እንደማትነቅፉት አውቃለሁ።