የማረጥ ወራትና የሆርሞን መድኃኒት ጣጣ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየዓመቱ እዚህ ቦታ ቆመን የምናነብላችሁ የገቢና የወጪውን ሒሳብ፣ ቀጥሎም በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን ወገኖች ስም ነው። ዘንድሮ ሒሳቡን ሌላ ሰው ስላነበበልን ለእኛ ጥቂት ጊዜ ተርፎልናል። በዚህችው ጊዜ የምንናገረው ስለ ሴቶች ማረጥና ለማረጥ ተብሎ ስለሚሰጠው የሆርሞን መድኃኒት ነው። ከወዲያ ጥግ የሚስቅ ሰው ይታየናል። ይሳቅ፤ እኛም ዱሮ እንስቅ ነበር።

ወንድ ሆነን፣ ያውም ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን ጡረተኛ የጽሕፈት ሠራተኛ ሆነን በዚህ ጉዳይ መናገራችን ድፍረት መሆኑን እናውቃለን። ሐኪም አይደለንም። የምንነግራችሁ በቤታችን ያየነውን፣ ሐኪሞች ያስረዱንን፣ ከዚያም ወዲህ እየፈለግን ያነበብነውን ነው። ባለቤታችንን አስፈቅደናል። «ይናገሩት፤ እኔ ያን ያህል የተሠቃየሁት የነገረኝ ሰው ስለሌለ ነው» ብላናለች።

ነገሩ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ባለቤታችን 51 ዓመቷ ነበር። የወር አበባዋ መጀመሪያ ተዛባ፣ ኋላም ጨርሶ ቀረ። ይህስ የሚጠበቅ ነው። በዓለም ላይ አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ሐኪሞችም አርጣለች የሚሉት ደሙ ከቆመ 12 ወር ሲሞላ ነው። እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር። እንደምታውቁት በእኛ ሥርዓት ሴት በልማደ አንስት ጊዜ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ በውጭ ሆና ነው የምታስቀድሰው። ስንት ዓመት ከዐለቱ አፋፍ ቆማ ቤተ ማርያምን ቁልቁል ስታይ የኖረች ሴት «ከእንግዲህስ ዘመኔን ሁሉ እገባለሁ» ብላ ነበር።

ታዲያ ሙቀቱ መጣ። ከደረቷ ተነሥቶ ወደ አንገቷና ወደ ፊቷ የሚወጣ እሳት፣ ከዚያ ላብ፣ ከላቡ በኋላ ደግሞ ብርድ። ይህች ከተማችን እኮ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ የታኅሣሥን ሌሊት ታውቁታላችሁ። በዚያ ሌሊት ጋቢዋን ጥላ ደጅ ወጥታ ትቆማለች! አንዱ ወባ ነው አለ፣ ሌላው ዓይነ ጥላ ነው አለ፤ ለሕክምና በሄድንበት አንድ ቦታም ታይፎይድ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ተሰጣት። እንቅልፍ አጣች። በትንሹም በትልቁም ትቆጣ ጀመር። እኛም እንደ መጠየቅ አኩርፈን መደብ ላይ መተኛት ጀመርን። ይህን ስንናገር እናፍራለን፤ ነገር ግን የሆነው እርሱ ነው።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን ወስዳ ለማህፀን ሐኪም አሳየቻት። ሐኪሙ እንዳስረዱን የሴት እንቁልጢ በዚህ ዕድሜ ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን መሥራት ይተዋል። የሆርሞኑ መጉደል ደግሞ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል ያውከዋል፤ ሰውነት ሳይሞቅ የሞቀ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ያልበዋል። በአሜሪካ ብዙ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ይህ ሙቀት የሚቆይበት መካከለኛ ጊዜ 7 ዓመት ከ5 ወር ገደማ መሆኑን አግኝቷል። ሰባት ዓመት! «ያልፋል፣ ቻይው» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው።

የታዘዘላት ሁለት ዓይነት ክኒን ነበር። አንደኛው ያንን የጎደለውን ኤስትሮጅን የሚተካ ነው። ሁለተኛው የፕሮጄስትሮን ወገን ሲሆን ሥራው ማህፀንን መጠበቅ ነው። ኤስትሮጅን ብቻውን ሲወሰድ የማህፀን የውስጥ ሽፋን ይወፍራል፤ እየቆየም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፤ ሁለተኛው ክኒን ይህን ይከለክላል። ማህፀኗ በቀዶ ጥገና የወጣላት ሴት ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ ይበቃታል። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

(በነገራችን ላይ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጠው ፕሪማሪን የሚባለው፣ ከእርጉዝ ፈረስ ሽንት ተጣርቶ የሚሠራ ነው፤ ስሙም ከዚያው የወጣ ነው። የእርሷ ሌላ ዓይነት ነበር። ይህን ባነበብንላት ጊዜ ግን ብልቃጡን አገላብጣ ሦስት ጊዜ አስነበበችን።)

መድኃኒቱ ሠራ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሙቀቱ ቀነሰ፣ እንቅልፏም ተመለሰ። ጣጣው ግን ተከተለ። ጡቷ አብጦ ልብስ ሲነካው ያማታል። ያቅለሸልሻታል፣ ሆዷ ይነፋል፣ ራሷን ይወቅራታል። ከሁሉ የከፋው ደሙ መመለሱ ነው። ጥቂት ነው፣ ግን ቀን የለውም፤ ዛሬ ይታያል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። እናም ያቺ እገባለሁ ያለች ሴት እንደገና ከአፋፉ ላይ ቆመች። «ሙቀቱን ልቻለውና ልግባ፣ ወይስ ልተኛና ውጭ ልቁም?» ብላ ስትጠይቀን መልስ አልነበረንም። የነፍስ አባቷን ጠየቀች፤ የተነጋገሩት በእነርሱ መካከል ነው።

እኛ የምናውቀው አንድ ሥራ መዝገብ መያዝ ነው። ስለዚህ አሮጌ የሒሳብ ደብተር አውጥተን ዓምድ አሰመርን፤ ቀን፣ ክኒን የተወሰደበት ሰዓት፣ ሙቀት ስንት ጊዜ፣ ደም አለ ወይስ የለም፣ ራስ ምታት፣ ሌላ። ማታ ማታ እርሷ ትነግረናለች፣ እኛ እንጽፋለን። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ በወሩ ግን ጥቅሙ ታየ። ማቅለሽለሹ የሚብሰው በጾም ቀን መሆኑ ከደብተሩ ላይ ወጣ፤ ለካ ጧት በባዶ ሆዷ ውጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾም ነበር። ከእራት በኋላ እንድትወስደው ሐኪሙ በስልክ ፈቀዱ፣ ማቅለሽለሹም ሄደ። የደሙም ነገር እንዲሁ ነው። ሐኪሙ «በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወር እንዲህ ያለ ጥቂት ደም ይጠበቃል፤ እየቀነሰ ከሄደ አትፍሩ፤ ከ6 ወር ካለፈ ወይም ከበረታ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል» ብለው ነበር። በደብተሩ ላይ በመጀመሪያው ወር 11 ቀን የታየው በአምስተኛው ወር 2 ቀን ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ሲሻል ያበላሸነው እኛ ነን። ሐኪሙም፣ መድኃኒት ቤቱም የለበትም።

አንድ ቀን በሬዲዮ የሆርሞን ክኒን የጡት ካንሰር ያመጣል ሲባል ግማሹን ሰማን። ደነገጥን። ባለቤታችንም ሆድ የሚነፋኝ ያ ትንሹ ክኒን ነው ስትል ከርማ ነበር። እኛም በገዛ ሒሳባችን «ሁለት ክኒን ሙሉ አደጋ ከሆነ አንድ ክኒን ግማሽ አደጋ ነው፤ ትንሹን ተዪው» አልናት። ተወችው። ሆዷም ቀለላት፤ እኛም አዋቂ መሰልን። የተወችው ግን ማህፀኗን የሚጠብቀውን ነበር።

አምስት ወር እንዲህ ቆየች። ከዚያም አንድ ሌሊት እንደ ልጅነቷ ዘመን፣ ከዚያም ይበልጥ ደም ፈሰሳት። በማግሥቱ መኪና ፈልገን ደሴ ወረድን። በአልትራሳውንድ ሲታይ የማህፀኗ ሽፋን ከልኩ በላይ ወፍሯል፤ ናሙና ተወስዶ ለምርመራ ተላከ። ውጤቱን የጠበቅንባቸውን ቀኖች አንገልጻቸውም። በእድራችን መዝገብ ላይ የስንቱን ስም በእጃችን ጽፈናል፤ በእነዚያ ሌሊቶች ግን የምንጽፈው ስም አንድ ብቻ ይታየን ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካንሰር አልነበረም። ትንሹ ክኒን እንደገና ታዘዘላት፣ የትልቁም መጠን ተቀነሰ። ሐኪሟ ደብተራችንን ገልጠው አምስቱን ወር ካነበቡ በኋላ «ይህን ማን አዘዘ?» አሉ። «እኛ» አልን።

ከዚያ በኋላ ነው ያንን በሬዲዮ የሰማነውን ነገር ሙሉውን ፈልገን ያነበብነው። ጥናቱ በአሜሪካ ማህፀን ባላቸው 16,608 ሴቶች ላይ የተደረገ ሲሆን ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 ነበር፤ ሁለቱን ሆርሞን በአንድነት የሚወስዱት ክፍል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002፣ በእኛ 1994 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ከ10,000 ሴቶች መካከል በአንድ ዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ 8 ተጨማሪ የአንጎል ደም ዝውውር አደጋ፣ 18 ተጨማሪ የደም መርጋት ተገኘ፤ በሌላ ወገን የዳሌ አጥንት ስብራት በ5 ቀነሰ። እንግዲህ አካፍሉት፤ 1,250 ሴቶች አንድ ዓመት ሲወስዱ የጡት ካንሰር በአንዲት ይጨምራል። ለዚያች አንዲት ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ሬዲዮኑን ሰምተን እንደ መሰለን የወሰደች ሁሉ ትታመማለች ማለት አይደለም። ደግሞም የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ኋላ ውጤቱ ሲፈተሽ ከ60 ዓመት በታች ሆነው ወይም ባረጡ በ10 ዓመት ውስጥ ለጀመሩ ጤነኛ ሴቶች ሚዛኑ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ የልብ ድካም ወይም የአንጎል ምት የደረሰባት፣ ጉበቷ የታመመ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት ግን ብዙውን ጊዜ አይታዘዝላትም። ስለዚህ ከአሜሪካ ዘመድ የላከውን ክኒን ለጎረቤት ማካፈል ይቅር። በርበሬ አይደለም።

ስለ ደም መርጋቱ አንድ ነገር እንጨምር። ከእኛ ወደ አዲስ አበባ በመኪና መሄድ ሙሉ ቀን ተቀምጦ መዋል ነው። ይህን መድኃኒት የምትወስድ ሴት መኪናው በቆመበት ሁሉ ወርዳ ትራመድ፣ ውኃም ትጠጣ። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመማት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ትንፋሽ ድንገት ካጠራት፣ ምላሷ ከተሳሰረ ወይም ግማሽ ጎኗ ከዛለ ማደር የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ካረጠች ዓመት የሞላት ሴት ደም ካየችም፣ መድኃኒት ትውሰድ አትውሰድ፣ ጠብታም ብትሆን ትመርመር። እናቶቻችን ይህን ደብቀው ነው ቤት ውስጥ የሚከርሙት።

የሦስት ወር መርፌ የምትወስዱ እኅቶችም አላችሁ። መርፌው ራሱ የወር አበባን ሊያስቀር ስለሚችል የቀረባችሁ በማረጥ ይሁን በመርፌው በዓይን አይለይም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። የማረጥ ክኒን ደግሞ እርግዝናን አይከላከልም።

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ በቤታችን የቀረው የ19 ቀን ክኒን ነበር። ባንክ ተዘጋ፣ መብራትና ስልክ ጠፋ፣ መድኃኒት ቤቶች ባዶ ሆኑ። ባለቤታችን ቀን እየዘለለች ልታብቃቃው ሞከረች፤ አለቀ። በሁለት ሳምንት ሙቀቱ ተመለሰ። ያን ጊዜ ሰው ለነፍሱ ሲሮጥ ስለ ማረጥ ማን ያወራል? በድንገት መቋረጡ ይገድላት ይሆን ብለን ፈርተን ነበር፤ ኋላ እንደ ተረዳነው ቀስ በቀስም ሆነ በአንድ ጊዜ መተው ይቻላል፤ ችግሩ የቀድሞው ምልክት ሊመለስ መቻሉ ነው።

በእነዚያ ወራት በቤት ዘዴ ተቋቋመችው። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ትታ ነጠላና ስስ ጋቢ ደራርባ መተኛት ጀመረች፤ ሙቀቱ ሲመጣ አንዱን ትገፋለች፣ ሲሄድ ትስባለች። አልጋዋን ከምድጃው አራቅንላት። ቡናውን ከአቦል አላሳለፈችም፤ በረካ ድረስ በጠጣች ቀን ሌሊቱ እንደሚብስባት ደብተሩ ቀድሞ ነግሮናል። ጠላና የበዛ በርበሬም እንዲሁ። ተልባ ይፈውሳል የሚሉ ነበሩ፤ ውጭ አገር በጥናት ተፈትኖ ከማስመሰያው አልበለጠም፤ ለሆድ ድርቀት ግን ጠጥታ ጠቅሟታል። ለአጥንቷ፣ ጾሙ ወተት ስለማያስቀምስ፣ ጤፍና ጎመን ስናገኝ አናሳልፍም። እኛም ከመደቡ ተነሥተን ወደ አልጋችን ተመለስን፤ እርሷ ስትነሣ አብረን እንነሣለን፣ ውኃ እንቀዳለን። ከመድኃኒቱ ቀጥሎ የጠቀመኝ እርሱ ነው ትላለች።

መንገድ ከተከፈተ በኋላ ሐኪሟን አማክራ ክኒኑን እንደገና አልጀመረችም። ዛሬ 60 ዓመቷ ነው፤ ሙቀቱ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ለልደት ገብታ አስቀድሳለች።

ደብተሩን ዛሬ ይዘነው መጥተናል። ዓምዱ እንዴት እንደሚሰመር ማየት የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ። አንድ ገጽ ግን በወረቀት ሸፍነናል፤ ባለቤታችን እርሱ አይታይብኝ ብላለች።